«የራሳቸው» ነው ወይስ «የየራሳቸው»? ትሬድ ሎካል ስቶሬጅን በአማርኛ ስንጽፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? አንድ ፍሬምወርክ (ሌሎች ፕሮግራመሮች ፕሮግራማቸውን የሚሰሩበት ዝግጁ ኮድ) እየሰራን ነው፣ ዶክመንቱን በአማርኛም እናውጣው ተባለና ለኔ ደረሰኝ። ትሬድ ሎካል ስቶሬጅ የሚለው ክፍል ላይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡት ስራዎች (ትሬዶች) ለየብቻቸው ዳታ የሚይዙበት ቦታ ላይ፣ ስደርስ «ትሬዶቹ የራሳቸው ኮፒ አላቸው» ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የሚሰራው ልጅ አነበበውና «ስለዚ ትሬዶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ኮፒ አለ ማለት ነው አይደል?» አለኝ። እኔ ማለት የፈለኩት ተቃራኒውን እኮ ነው! ስነግረው ደሞ «አንቺ ራስሽ ነሽ እንደዛ የጻፍሽው» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? በዛውም «ትሬድ»ን «ክር»፣ «ሎካል»ን «አካባቢያዊ» ልበላቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው?

መልስ፦ ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጁ እንደዛ ማንበቡ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ይሸከማል። «የራሳቸው» የሚለው ነገሩ የሌላ አለመሆኑን ነው የሚናገረው እንጂ እርስ በርስ መከፋፈላቸውን አይናገርም። «ወደ ቤታቸው ገቡ» ስንል ወንድምና እህት ሆነው አንድ ቤት ገብተው ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤታሞች ሆነው ሁለት ቤት ገብተውም ሊሆን ይችላል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግድ የለውም። «ወደየቤታቸው ገቡ» ካልሽ ግን አለቀ፣ ቤቱ ተከፋፈለ፣ ማንም አንድ ቤት ብሎ አይረዳሽም። ያቺ አንድ «የ» ናት ስራውን ሁሉ የሰራችው።

ይሄ «እየ» የሚባለው ነው፣ ግስ ላይ ሲገባ «እየሄደ» «እየበላ» የሚለው፣ ስም ላይ ሲገባ ደሞ ማከፋፈያ የሚሆነው፤ ከፊቱ መስተዋድድ ሲመጣ ተዋህዶ በየ፣ ለየ፣ ከየ፣ ወደየ ይሆናል፣ ከባለቤትነት «የ» ጋር ሲዋሃድ ደሞ «የየ»። ስለዚ ያንቺ ዓረፍተ ነገር «ትሬዶቹ የየራሳቸው ኮፒ አላቸው» ነው መሆን ያለበት። ብዙ ቋንቋ ይሄን ለማለት «ለእያንዳንዱ አንድ አንድ» እያለ ሲዞር አማርኛ በአንድ ፊደል ይጨርሰዋል፣ እና ትሬድ ሎካል ስቶሬጅ ማለት በአጭሩ ይቺው ፊደል ነች ብልሽ ማጋነን አይሆንም። ቫሪያብሉ (ቫልዩ የምንለውን ዳታ የምናስቀምጥበት) በስም አንድ ነው፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፣ ግን ስሙን የጠራው ትሬድ ሁሉ የሚያገኘው የየራሱን ነው። ለምሳሌ ሊኑክስ በ64 ቢት ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ሲሰራ ኤፍኤስ የሚባለው ሬጅስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ሁሌም አሁን እየሮጠ ላለው ትሬድ የተመደበውን ቦታ ያመለክታል፣ ቫሪያብሉ ደሞ ከዛ በዚህን ያህል ርቀት ላይ ተብሎ ነው የሚፈለገው፣ ትሬድ ሲቀየር ርቀቱ ያው ሆኖ መነሻው ይቀየራል።

ሌላው መንገድ «እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ኮፒ አለው» ነው። እዚህ ጋ «እያንዳንዱ» ራሱ ስለሚያከፋፍል «የየ» አያስፈልግም፣ ግን ተከትሎት የሚመጣው ሁሉ ነጠላ ይሁን። «እያንዳንዱ ትሬዶች የራሳቸው ኮፒ አላቸው» የሚል አሁን አሁን በጣም እያየሁ ነው፣ ጆሮ ላይ ያልፋል፣ ዶክመንት ላይ ግን ማለፍ የለበትም፣ አንባቢው ብዙ ትሬድ ነው ወይስ አንድ እያለ የሚቆምበት ቦታ ነውና። ብዙ ቁጥሩን ከፈለግሽው «ትሬዶቹ እያንዳንዳቸው» በይ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። «ትሬድ» የሚጀምረው በ«ት» ስለሆነ ማከፋፈያውን ስትቀጥይበት አይን ይሳሳታል። «በየትሬዱ» ብለሽ ጻፊና ፈጠን ብለሽ አንብቢው፣ አይንሽ መጀመሪያ የሚያነሳው «በየት» የሚለውን ነው። «ከየትሬዱ» ደሞ «ከየት» ይሆናል፣ «ለየትሬዱ» ጭራሽ «ለየት» ያለ ነገር ይመስላል። ሁሉም የታወቁ ቃላት ስለሆኑ አንባቢው ግማሹ ላይ ሄዶ ነው የሚመለሰው። ሰዋስዉ ምንም አይልሽም፣ ግን ስክሪን ላይ ለሚነበብ ነገር እኔ ብሆን «በእያንዳንዱ ትሬድ» «ለእያንዳንዱ ትሬድ» ነው የምለው፣ «የየ»ን ደሞ ትሬድ ላይ ሳይሆን «ራሳቸው» ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ እዛ ላይ ማንንም አታሳስትም።

አሁን ወደ «ኮፒ» እንምጣ፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ይቺ ነች። ኮፒ ወይ ቅጂ ስትይ አንባቢው ከሆነ ዋና ነገር ላይ የተቀዳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚ ዋናው ትሬድ ቫሪያብሉን 7 አድርጎት ከዛ አዲስ ትሬድ ቢያስነሳ አዲሱ 7ን ቀድቶ የሚጀምር ይመስለዋል። አይደለም እኮ። በሲ ቋንቋ ትሬድ ሎካል ተብሎ የተጻፈ ቫሪያብል አዲስ ትሬድ ውስጥ የሚጀምረው ኮዱ ላይ ከተሰጠው መነሻ ነው እንጂ ሌላው ትሬድ አሁን ከደረሰበት አይደለም። ጃቫም ውስጥ ትሬድ ሎካል የሚባለው ክላስ ለእያንዳንዱ ትሬድ መነሻውን እንደ አዲስ ነው የሚያዘጋጀው፣ ከወላጅ ትሬድ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ከተፈለገ ኢንሄሪተብል ትሬድ ሎካል የሚባል ሌላ ክላስ አለ። ዶትኔት ላይ ትሬድ ስታቲክ ብለው ምልክት ያደረጉበት ፊልድ ደሞ ይብሳል፣ ፊልዱ ላይ የተጻፈው መነሻ የሚሰራው አንዴ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ትሬዶች የሚያገኙት ዜሮ ወይ ባዶ ነው። ስለዚ «ኮፒ»ን ተይውና «የየራሳቸው ቫልዩ አላቸው» በይ፣ ቀጥለሽም ፍሬምወርካችሁ መነሻውን ከየት እንደሚሰጥ ግሱ ላይ አሳዪ፦ «ይሰጠዋል» ነው «ይቀዳለታል» ነው «ይወርሳል» ነው? ሶስቱ ሶስት የተለያየ ፕሮግራም ናቸው።

«ብቻ»ን የምታስገቢበት ቦታም እንደዛው ይታሰብበት። «ቫልዩውን ማንበብ የሚችለው ትሬዱ ራሱ ብቻ ነው» የሚል ብዙ ጊዜ ይጻፋል። በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ይሄ ውሸት ነው፣ የቫሪያብሉን አድራሻ ፖይንተር አድርገሽ ለሌላ ትሬድ ከሰጠሽው ባለቤቱ ትሬድ በህይወት እስካለ ድረስ ያኛው ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። ትክክለኛው «ትሬዱ ቫሪያብሉን በስሙ ሲጠራው የራሱን ብቻ ነው የሚያገኘው» ነው። «ብቻ» ወደ «የራሱን» ዞረች፣ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆነ።

ስለ ስያሜዎቹ ብዙ አልልም። ትሬድ ትሬድ ይባል፣ ብዙ ቁጥሩም ትሬዶች፣ «ትሬድሶች» ግን አይሁን። «ክር» ስህተት ሆኖ አይደለም፣ የእንግሊዝኛውም መነሻ ያው የስፌቱ ክር ነው፣ ግን አንባቢሽ ኤረር ሲመጣበት የሚያየውና የሚፈልገው ቃል ትሬድ ነው፣ ሁለት ቃል እንዲሸከም አታድርጊው። «አካባቢያዊ»ን ግን እቃወማለሁ። አካባቢ ቦታ ነው፣ እዚህ ጋ ያለው ጉዳይ የቦታ ሳይሆን የባለቤትነት ነው። ደሞ ፈንክሽን ውስጥ ያለውም ሎካል ቫሪያብል ስለሚባል ሁለቱም አካባቢያዊ ከተባሉ አንባቢው ያቀላቅላቸዋል፣ ትሬድ ሎካሉ ግን ፈንክሽኑ ሲያልቅ አብሮ አይጠፋም፣ ትሬዱ እስካለ ይቆያል።

ይቺ «ትሬዱ እስካለ» የምትለዋ ናት ደሞ የፍሬምወርክ ሰዎችን የምታስቸግረው፣ እና መፍትሄው ያው ማከፋፈያው ጋ ነው። ማከፋፈያ ስትጠቀሚ ሁሌ ራስሽን ጠይቂ፣ በምንድነው የማከፋፍለው? በትሬድ ነው ወይስ በሪኩዌስት (ከተጠቃሚ በሚመጣው ጥያቄ)? «የተጠቃሚው መለያ ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት ለብቻው ይያዛል» ብለሽ ጽፈሽ ኮዱ ግን ትሬድ ሎካል ከሆነ ዶክመንቱ ቃል የገባው ሌላ ኮዱ የሚሰራው ሌላ ነው። ብዙ ሰርቨር ላይ ትሬዶች ለእያንዳንዱ ሪኩዌስት እንደ አዲስ አይፈጠሩም፣ ትሬድ ፑል ውስጥ ቁጭ ብለው አንዱን ሪኩዌስት ሲጨርሱ ሌላ ይቀበላሉ፣ ስለዚ የመጀመሪያው ሪኩዌስት ያስቀመጠው መለያ ካልተጠረገ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሌላ ሰው መለያ ላይ ነው የሚያርፈው። እንደዚ አይነት ጥፋት ቴስት ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ሰው ሲበዛ ነው የሚወጣው፣ ስለዚ ዶክመንቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጃቫ ላይ ሪሙቭ የምትለዋን ሜተድ መጥራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ፍሬምወርካችሁ ይሄን ራሱ የሚያደርግ ከሆነም «ይጠረጋል» ብለሽ አትለፊው፣ ማን እንደሚጠርግ በይ፣ «ሪኩዌስቱ ሲያልቅ ፍሬምወርኩ ይጠርገዋል» ወይ «እናንተ ጥረጉት»። አማርኛ ላይ ተደራጊ ግስ አድራጊውን መደበቅ ይወዳል፣ እዚህ ግን አድራጊው ነው ዋናው መረጃ።

አሲንክ (አንዱ ስራ ሲጠብቅ ሌላው እንዲሮጥ የሚያደርግ አሰራር፣ ስራዎቹ ታስክ ይባላሉ) የምትደግፉ ከሆነ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ትሬድ ላይ ብዙ ታስክ ተራ በተራ ስለሚሮጥ በትሬድ ማከፋፈል ታስኮቹን አይለያቸውም፣ ሁሉም አንዱን ቫልዩ ነው የሚያገኙት። ፓይተን በ2018 በወጣው 3.7 ላይ ኮንቴክስት ቫርስ የሚባለውን ያመጣው ለዚህ ነው፣ እዛ ጋ መጻፍ ያለብሽ «ታስኮቹ የየራሳቸው ቫልዩ አላቸው» ነው። ማከፋፈያዋ ያቺው ናት፣ የተቀየረው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ አንቺ የጻፍሽውን እኔ እንዲህ አደርገው ነበር፣ ከሚስማማሽ ውሰጂ፦

«ይሄ ቫሪያብል ስሙ አንድ ቢሆንም ትሬዶቹ የየራሳቸው ቫልዩ አላቸው። አንድ ትሬድ የጻፈው ሌላው ትሬድ ውስጥ በዚሁ ስም አይታይም። አዲስ ትሬድ ሲነሳ ፍሬምወርኩ መነሻውን ቫልዩ እንደ አዲስ ይሰጠዋል፣ ካስነሳው ትሬድ አይቀዳለትም። ቫልዩው ትሬዱ እስኪያልቅ ይቆያል፣ ትሬድ ፑል የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሪኩዌስቱ ሲያልቅ እናንተ ጥረጉት።»

ለልጁ መጀመሪያ ይሄን ስጪውና ምንም ሳትነግሪው ስንት ቫልዩ እንዳለ ጠይቂው። አሁንም «አንድ» ካለ ጻፊልኝ።