መኪናዬ ሊሸጥ ሲል የሚበላሸው ገደ ቢስ ስለሆንሁ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እስካሁን ሦስት መኪና ለመሸጥ ሞክሬ ሦስቱም ሊሸጡ ሲሉ ተበላሹብኝ። የመጀመሪያው ቀብድ በተቀበልሁ ማግስት ካምቢዮው አልገባም አለ። ሁለተኛውን ገዢው ሊሞክረው እንጦጦ ዳገት ላይ ሲያወጣው ሞተሩ ሞቆ ቆመ። አሁን ደግሞ ኮሮላዬ ወደ ውልና ማስረጃ ልንሄድ በተቀጣጠርንበት ጠዋት አልነሳም አለ። ጎረቤቶቼ «መተት ነው፣ አዋቂ ጋ ሂድ» ይሉኛል። ደላላው በበኩሉ አስጠግኜ ስለ ብልሽቱ ዝም እንድል መክሮኛል። ገደ ቢስ ሆኜ ይሆን? መኪናውን ጸበል ላስረጨው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመኪና እውቀቴ ከታክሲ ተሳፋሪነት ስለማያልፍ መጀመሪያ የጠየቅሁት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚያገለግል አንድ መካኒክ ነው። ጥያቄህን ሳነብለት ሳቀ። «ሊሸጥ ያሰበ ሰው ዘይት መቀየሩን ይተዋል፤ የራዲያተሩን ውኃ አያይም፤ ቺንጋው ሲጮህ የሚቀጥለው ባለቤት ያስቀይረው ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ገዢ ይመጣና ባለቤቱ በዓመት አንዴ የማይወጣውን ዳገት አራት ሰው ጭኖ ያስወጣዋል። እዚያ ያልሞቀ ሞተር የት ሊሞቅ ነው?» አለኝ። ገዢ ሲጠበቅ ሳምንታት የቆመ መኪናም ባትሪው ይደክማል። እንግዲህ መተት ከመፈለግህ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ታዲያ።

በገድ ማመን አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ከቤቱ እንደ ወጣ ያጋጠመውን ሰው አይቶ ቀኔ ተበላሸ የሚለውን፣ አገልጋዬ የግራ ጫማዬን አስቀድሞ አቀበለኝ ብሎ የሚደነግጠውን ክርስቲያን ይወቅሳል። ያኔ ጫማ ነበር፣ ዛሬ ካምቢዮ ሆነ። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። ግንብ በወደቀባቸው ላይ ያልተፈረደውን አንተ በካምቢዮ ሰበብ በራስህ ላይ ትፈርዳለህ? አዋቂ ጋ መሄድን ግን ዘዳግም ምዕራፍ 18 በግልጽ ይከለክላል፤ ስለዚህ አትሂድ።

ጸበሉን ማስረጨት ትችላለህ። ሆኖም ጸበል የተረጨ መኪናም ዘይት ይፈልጋል።

እኔን ያሳሰበኝ የደላላው ምክር ነው። ያ ሁለተኛው ገዢ ገንዘቡን ቆጥሮ ከሰጠህ በኋላ፣ በማግስቱ እናቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሲወጣ መኪናው ቢቆምበት ምን ይል ነበር? አንተ መጥፎ ዕድል ያልኸው ነገር እርሱን ከዚህ አትርፎታል፤ አንተንም ከእርግማኑ። ዘሌዋውያን 25፥14 ለባልንጀራህ ስትሸጥ አታታልለው ይላል፤ መግዛትንም ጨምሮ ነው የሚናገረው። ገዢ ደግሞ ጻድቅ እንዳይመስልህ፤ «ክፉ ነው፣ ክፉ ነው» እያለ አስረክሶ ከገዛ በኋላ ሲሄድ የሚመካውን ሰው ምሳሌ 20፥14 ያውቀዋል። ቢሆንም የእርሱ ማጣጣል ለአንተ ዝምታ ፈቃድ አይሆንም።

ኮሮላውን አስጠግነው። ለገዢው ምን እንደተበላሸና ምን እንደተቀየረ ንገረው፤ በውሉም ላይ ይጻፍ። ዋጋው ጥቂት ቢወርድ ይውረድ። የጋራዡን ደረሰኝ አትጣለው፣ ከሊብሬው ጋር አስረክበው።