በማባበያ ስለሚጠሩ ሻርኮች፦ ከጋንስባይና ከደርባን ባሕር

ውድ እህታችን፣ በሐምሌ ወር ከባለቤትዎ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚመጡ ገልጸው፣ ዋና የማይችል ሰው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ሻርክ ማየት ይችል እንደሆነ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ደርባን አጠገብ ያለ ፍርግርግ ለመጥለቅ ማሰባቸው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ጠይቀዋል። ደርባን ከተማ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ጋንስባይ ሄጄ ሁለት ጊዜ በፍርግርግ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ከደርባን በስተደቡብ በሚገኘው አሊዋል ሾል ደግሞ ማባበያ ባለበት ያለ ፍርግርግ ከሃያ ጊዜ በላይ ጠልቄያለሁ። ሁለቱ በማስታወቂያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀርቡም የሚያገናኛቸው ነገር ጥቂት ስለሆነ ለየብቻ እመልሳለሁ።

ጋንስባይ ከኬፕታውን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጀልባዎቹ የሚነሡት ክላይንባይ ከምትባለው ትንሽ ወደብ ሲሆን፣ የሚያመሩት ሲል የሚባሉት ባለ ጢም የባሕር እንስሳት በአሥር ሺሕ እየተቆጠሩ ወደሚኖሩበት ወደ ዳየር ደሴት አካባቢ ነው። ፍርግርጉ ከጀልባው ጎን ጋር የታሰረ፣ ከላይ ክፍት የሆነ ረጅም ሳጥን ነው። የአየር ሲሊንደር አይሰጥዎትም፤ ራስዎ ከውኃው በላይ ሆኖ ይቆዩና ሠራተኛው “ውረዱ!” ብሎ ሲጮኽ ትንፋሽዎን ይዘው፣ በውስጥ በኩል የተበየደውን አግዳሚ ብረት ጨብጠው ለጥቂት ሴኮንዶች ይጠልቃሉ። ስለዚህ ዋና አለመቻል አያግድዎትም፤ ነገር ግን ገና ጀልባው ሳይነሣ ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው፤ ጥግ ላይ ያቆሙዎታል።

የማባበያው አሠራር ቢገባዎት አደጋው የት ላይ እንዳለም ይገባዎታል። ሠራተኞቹ የዓሣ ዘይት፣ የተፈጨ ዓሣና የባሕር ውኃ ቀላቅለው የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ነገር ያዘጋጁና በጣሳ እየቀዱ ይደፉታል። ሻርኩ የሽታውን መንገድ ተከትሎ እስከ ጀልባው ድረስ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ሠራተኛ በገመድ ያሰረውን የቱና ጭንቅላት ወርውሮ፣ ሻርኩ ሲከተለው ቀስ እያለ ወደ ፍርግርጉ ይስበዋል። ደንቡ ሻርኩን መመገብ ስለሚከለክል ጭንቅላቱን ከአፉ ሥር መንጠቅ ይኖርበታል። ገመዱን የያዘው ሰው ልምድ ያለው ከሆነ ሻርኩ በፊትዎ ጎኑን ገልጦ ያልፋል። ከዘገየ፣ ወይም እንግዶቹን ደስ ለማሰኘት ማባበያውን አላግባብ ወደ ፍርግርጉ ካስጠጋ ግን ሻርኩ በፍጥነቱ መጥቶ ብረቱን ይመታል። በሜክሲኮ ጓዳሉፔ ደሴት በ2016 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የሆነው ይኸው ነው፤ ማባበያውን ለመንከስ የተወረወረ ነጭ ሻርክ ፍርግርጉን ሰብሮ ገባ፤ ሻርክ ወደ ኋላ መዋኘት ስለማይችል በውስጡ ሲንፈራገጥ ቆየ፤ ጠላቂው ምንም ሳይሆን መውጣቱ ተአምር ነበር። ሜክሲኮ በ2023 ያንን ደሴት ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝት ዘግታዋለች።

ማስታወቂያዎቹ በግልጽ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ታላቁን ነጭ ሻርክ አያለሁ ብለው ከሄዱ ሳያዩ ሊመለሱ ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ ነጭ ሻርክን በሕግ በመጠበቅ በ1991 ከዓለም ቀዳሚ ብትሆንም፣ ከ2017 ጀምሮ ጉበታቸው የተበላ የነጭ ሻርክ ሬሳዎች በጋንስባይ ዳርቻ ይገኙ ጀመር። ይህን በማድረግ የሚታወቁት ፖርትና ስታርቦርድ የተባሉ ሁለት ኦርካዎች፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ መልክ ያላቸው አዳኝ የዓሣ ነባሪ ዘመዶች ናቸው፤ በመርከበኞች ቋንቋ ግራና ቀኝ ማለት የሆነውን ስማቸውን ያገኙት የአንዱ የጀርባ ክንፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ ስለታጠፈ ነው። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የሚታየው በአብዛኛው መዳብ መልክ ያለው ሌላ የሻርክ ዝርያ ነው። እኔም በሁለተኛው ጉዞዬ ያየሁት እርሱን ብቻ ነበር፤ ሆኖም አልከፋኝም። ከክንዴ ርቀት ባነሰ ቦታ ሲያልፍ ከአፍንጫው ዙሪያ ያሉት፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያነብባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በበርበሬ ቅንጣት እንደተነሰነሰ ቆዳ አንድ በአንድ ይታዩኝ ነበር።

ጋንስባይ ላይ ከሻርኩ ይልቅ ባሕሩን ይፍሩ። በሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. እዚያው አካባቢ አንዲት የሻርክ ጉብኝት ጀልባ በትልቅ ማዕበል ተገልብጣ ሦስት ቱሪስቶች ሞተዋል። ሐምሌ የኬፕ ክረምት ስለሆነ ማዕበሉ ይበረታል፤ ጉዞ መሰረዝም የተለመደ ነው። ካፒቴኑ “ዛሬ አንወጣም” ካለ አይከራከሩት፤ ይልቁንስ ለዚያ አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይመድቡ። የማጥወልወል መድኃኒት ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ ቀደም ብለው ይውሰዱ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ፣ መንገድ ሩቅ ነው በሚል በርበሬ የበዛበት ፍርፍር በልቼ ስለነበር ከጀልባው የተደፋው ማባበያ የሠራተኞቹ ብቻ አልነበረም።

ወደ ባለቤትዎ ጉዳይ ልመለስ። አሊዋል ሾል ከኡምኮማስ ከተማ ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዳርቻው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኝ ከውኃ በታች ያለ ዐለት ነው። ማባበያው ደግሞ ቢያስቅም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ ነው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው የውስጥ ክፍሉ ሳርዲን ተሞልቶ፣ አፉ በሽቦ ታስሮ፣ ከተንሳፋፊ ጋር ወደ አሥር ሜትር ጥልቀት ይንጠለጠላል። ሁለት ሜትር የሚደርሱ፣ የክንፋቸው ጫፍ የጠቆረ ሻርኮች አንዳንዴ ሠላሳም አርባም ሆነው ይዞሩታል። ጠላቂው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ ከሽታው መንገድ ውጭ ሆኖ ይመለከታል። ደስታውን ልክድ አልችልም፤ በመጀመሪያው ቀን ስወጣ ተናግሬ መጨረስ አቅቶኝ ነበር።

ነገር ግን በ2019 የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከበሮውን ያዘጋጀው ሰው ሽቦውን በደንብ አላጠበቀውም ነበርና ክዳኑ ተከፍቶ ሳርዲኑ በላያችን ተበተነ። እስከዚያ ድረስ በዝግታ ሲዞሩ የነበሩት ሻርኮች በቅጽበት ተለወጡ፤ እርስ በርሳቸው መሻማት ጀመሩ። እኔ እንደተማርኩት ሳልንቀሳቀስ ብቆምም፣ አንዱ ደጋግሞ ከጀርባዬ ይመጣና ሲሊንደሬን በአፍንጫው ይመታው ነበር፤ ድምፁ የብረት በር እንደሚያንኳኩ ያለ ነው። ለምን እኔን እንደመረጠ አልገባኝም። መሪያችን ዋኝቶ መጥቶ እጁን ከኋላዬ ሰደደና በሲሊንደሩና በጀርባዬ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ሳርዲን አውጥቶ ጣላት። ሻርኩ ተከትሏት ሄደ። በእኔ ላይ ጠብ አልነበረውም፤ ምግቡ እኔ ላይ ነበር።

በባሐማስ በ2008 አንድ ኦስትሪያዊ ጠላቂ ማባበያ ባለበት ያለ ፍርግርግ ሲጠልቅ እግሩን ተነክሶ ሞቷል። ስለዚህ “ሻርክ በዓመት የሚነክሰው ጥቂት ሰው ነው” የሚለውን ማጽናኛ ሲሰሙ አንድ ነገር ያስተውሉ። በፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘው ዓለም አቀፍ መዝገብ ለ2023 ያሰፈረው 69 ንክሻ፣ ሰው ሳይተነኩሰው ሻርኩ የነከሰበትን ብቻ ነው። ሻርክ ሲመግብ የተነከሰ ሰው “ተንኳሽ” ተብሎ በሌላ ዓምድ ይመዘገባል። ያ ቁጥር ስለ ዋናተኛ ይናገር ይሆናል፤ ከሳርዲን ከበሮ አጠገብ ስለቆመ ሰው ግን ምንም አይነግርዎትም።

ባለቤትዎ የመጥለቅ ፈቃድ ካላቸውና ትንፋሻቸውንና ተንሳፋፊነታቸውን ሳያስቡ የሚቆጣጠሩ ከሆነ ይሂዱ እላለሁ፤ እጁን እያወናጨፈ ሚዛኑን የሚጠብቅ ጀማሪ ግን እዚያ ቦታ የለውም። ጓንታቸው ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ነገር አያድርጉ። ለአንድ መሪ ስንት እንግዳ እንደሚደርስና ከበሮውን ማን እንደሚያዘጋጅ ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። መልሱ ካላረካቸው፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ራጊ የሚባሉት ጥርሰ ረጃጅም ሻርኮች ያለ ምንም ማባበያ እዚያው አሊዋል ዋሻዎች ውስጥ ይተኛሉ። ጥልቀቱ ከ25 ሜትር በላይ ስለሚሄድ ከፍ ያለ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ዛሬ ምረጥ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው።

በመጨረሻም የጉዟችሁን ቅደም ተከተል እንድትለውጡ እመክራለሁ። ኬፕታውንን አስቀድማችሁ ከደርባን በጆሃንስበርግ በኩል ወደ አዲስ አበባ ልትመለሱ እንዳሰባችሁ ጽፈዋል። በሲሊንደር አየር የጠለቀ ሰው በደሙ የተጠራቀመው ናይትሮጅን እስኪወጣ ድረስ፣ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት ሳይቆይ መብረር የለበትም። በመኪናም ቢሆን ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ጠዋት ጠልቆ ማታ ወደዚያ መውጣት ያው አደጋ አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ከዚያ ለሚመጡ ወንድሞቻችንም ይህን ስነግር ብዙዎቹ ይገረማሉ። የጋንስባዩ ፍርግርግ ግን ሲሊንደር ስለሌለው በማግሥቱ መብረር አይከለክልም። ስለዚህ ደርባንን አስቀድሙ፣ ጋንስባይን ለመጨረሻ አድርጉ።