ለአሮጌ ጄኔሬተር የሪሌይ ሴቲንግ፦ የድሮውን ቁጥር እንዳለ አትገልብጥ

ሰላም። ጥያቄህ የ1000 ኪቪኤ፣ 400 ቮልት አሮጌ ዲዝል ጄኔሬተር ባለ ዲስክ ሪሌዮቹ (ብልሽት ሲያዩ ብሬከሩን፣ ማለትም ዋናውን ማቋረጫ፣ የሚያስከፍቱት መከላከያዎች) በዲጂታል ሲቀየሩ የድሮው ሴቲንግ፣ ማለትም ሥራ የሚጀምሩበት ቁጥር፣ እንዳለ ይገልበጥ ወይ የሚል ነው። እኔ አልገለብጥም። የድሮውን ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ያዝ፤ ስሌቱን ግን ከማሽኑ ተነሥተህ እንደ አዲስ ሥራው።

ዋናው ጣጣ ኦቨርከረንት፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ከረንትን የሚያየው ሪሌይ ላይ ነው። ጄኔሬተር ሾርት ሲገጥመው መጀመሪያ ከፍተኛ ከረንት ይሰጥና ወዲያው እየወረደ ይሄዳል። ያንተ ማሽን ሙሉ ጭነቱ 1443 አምፔር ነው። ሪሌዩን 120 በመቶ ላይ ካደረግከው ሥራ የሚጀምረው 1730 አምፔር አካባቢ ነው። አሁን ሲንክሮነስ ሪአክታንሱ፣ ማለትም ሾርቱ ሲቆይ ከረንቱን የሚገድበው የማሽኑ የውስጥ መቋቋም፣ 2.0 ፐር ዩኒት (ከማሽኑ ቮልቴጅና ሙሉ ጭነት ከሚሰላው መነሻ ሁለት እጥፍ) ነው እንበል። ማሽኑ ያለ ጭነት እየዞረ ሾርት ቢፈጠርና ኤክሳይቴሽኑ (የማሽኑን ማግኔት የሚፈጥረው ከረንት) ባይጨምር፣ ከረንቱ መጨረሻ ላይ የሚረጋው 720 አምፔር ገደማ ላይ ነው። የሙሉ ጭነቱ ግማሽ ብቻ! ኤቪአሩ (ኤክሳይቴሽኑን እየቆጣጠረ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ዕቃ) ኃይል የሚወስደው ከራሱ ከጄኔሬተሩ ተርሚናል ከሆነ ደግሞ፣ ቮልቴጁ ሲወድቅ ኤክሳይቴሽኑም አብሮ ስለሚወድቅ ከዚያም በታች ይወርዳል።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ኬብል ሾርት አድርጎ መብራቱ ደበዘዘ፣ የሪሌዩ ዲስክ መዞር ጀመረ፣ ከዚያ መንገዱን ሳይጨርስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብሬከሩ ሳይከፈት ቁጭ ብሏል፣ ኬብሉ ይጨሳል። ሞተሩ በእጅ ነው የጠፋው።

ስለዚህ ቮልቴጅንም አብሮ የሚያየውን ኦቨርከረንት፣ ማለትም 51ቪን ተጠቀም። የተለመደው ዓይነት ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር መነሻውን፣ ማለትም ሥራ የሚጀምርበትን ከረንት፣ ዝቅ ያደርጋል፤ ቮልቴጁ ሩብ ሲደርስ መነሻውም ሩብ ይሆናል። 150 በመቶ ላይ ብታስቀምጠው እንኳ ያኔ 540 አምፔር አካባቢ ይደርሳል፣ 720ውን በደንብ ያየዋል። ኤክሳይቴሽኑ ከተርሚናሉ ለሚመገብ ማሽን ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። እዚያ ላይ ከረንቱ ሳይወርድ የሚደርስ አጭር ጊዜ ወይም አንደርቮልቴጅ ትሪፕ (ቮልቴጅ ከልክ በታች ሲወርድ ብሬከሩን የሚከፍት) መጨመር አለበት።

ሪቨርስ ፓወር (ኃይል ወደ ጄኔሬተሩ ሲመለስ የሚያየው) እና ሎስ ኦፍ ፊልድ (ኤክሳይቴሽን ሲጠፋ የሚያየው) የሚያስፈልጉህ ከሌላ ምንጭ ጋር ፓራሌል፣ ማለትም ተያይዘህ አብረህ፣ የምትሠራ ከሆነ ነው። ዲዝል ሞተር በተቃራኒው ሲነዳ ከአቅሙ ከ5 እስከ 25 በመቶ ሊስብ ይችላል፤ እኔ የዚያን ግማሽ ወስጄ ጥቂት ሰከንድ እሰጠዋለሁ፣ አለዚያ ሲንክሮናይዝ ባደረግክ (ከሌላው ምንጭ ጋር አመሳስለህ ባገናኘህ) ቁጥር ብሬከሩን እየጣለ ያስቸግርሃል።

ሲቲዎቹንም (ከረንቱን አሳንሰው ለሪሌዩ የሚያደርሱትን ትራንስፎርመሮች) አደራ። ኔምፕሌቱ ላይ የተጻፈውን ሬሾ አትመን፣ አሮጌ ፓኔል ውስጥ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ሬሾና ፖላሪቲ (የአገናኙን አቅጣጫ) ለካ። በተለይ ዲፈረንሻል (የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚያነጻጽር ሪሌይ) ካለህ አንድ የተገለበጠ ሲቲ ጭነት እንደጨመርክ ያስጥለዋል።

ኤቪአሩ ከየት እንደሚመገብና ፓራሌል ትሠራ እንደሆነ ጻፍልኝ፣ የኔምፕሌቱንም ፎቶ ለጥፍ። ሪአክታንሱ የተጻፈበት ወረቀት ከጠፋ በኦፕን ሰርኪዩትና በሾርት ሰርኪዩት ቴስት ማግኘት ይቻላል፣ አሠራሩን እነግርሃለሁ።