ልጃችን በዘጋቢ ፊልም ይቀረጽ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር፣ ኦቲዝም ያለበትና አፍ ያልፈታ የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ ስለ ኦቲዝም ዘጋቢ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ለሙከራ አንድ ቀን ቀረጸን። ልጄ ረከቦቱ ላይ ስኒ እያሽከረከረ ድምፁን ሲያዳምጥ እምብዛም አልቀረጸውም፤ ታክሲ ተራ ደርሰን በወያላ ጩኸት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ካሜራውን አላወረደም። «ሰው የሚነካው ይህ ነው» አለኝ። ባለቤቴ «ልጄ መታያ አይሆንም» ብሏል፤ እኔ ደግሞ ልጃችንን መደበቅ እንዳይሆንብን እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎን ከሰው ዓይን መሸሸግ አለመፈለግዎ ትክክል ነው። ኦቲዝም እንደ እርግማን በሚቆጠርበት ከተማ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸውን ታሪክ በአደባባይ እየተናገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ባይከፍቱ ኖሮ፣ እርስዎም ቃሉን ያለ ማብራሪያ ባልጻፉልን ነበር። ሆኖም ልጅን አለመደበቅ ሌላ፣ የልጅን የከፋ ሰዓት ለሕዝብ ማሳየት ሌላ ነው፤ ባለቤትዎ የተቃወሙት ሁለተኛውን ከሆነ እኛም ከእርሳቸው ጋር ነን።

የወጣቱ አመለካከት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በተሠራው «ኦቲዝም ኤቭሪ ዴይ» የተሰኘ አጭር ዘጋቢ ፊልም፣ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መኪናዋን ከድልድይ ላይ ለመጣል አስባ እንደነበር ስትናገር ልጅቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። የእናትየው ምሬት እውነት ነው፤ ልጅ አይናገርምና አይሰማም ብሎ ማሰብ ግን ከባድ ስህተት ነው፤ ፊልሙን አጥብቀው ከተቹት መካከልም ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ይገኙበታል። በሌላው ጫፍ፣ ዘጋቢ ባይሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሬይን ማን» ፊልም ኦቲዝም ያለበት ሁሉ የቁጥር ሊቅ እንዲመስል አድርጓል። (ዘመድ «የእናንተስ ልጅ ተሰጥኦው ምንድን ነው?» እያለ ካስቸገረዎት፣ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።)

ከሁለቱም የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ዘ ሪዝን አይ ጃምፕ» ነው። ፊልሙ ከሕንድ፣ ከብሪታንያ፣ ከአሜሪካና ከሴራሊዮን ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች እያሳየ፣ ድምፅና ብርሃን ለእነርሱ እንዴት እንደሚደርሳቸው ለማሰማት ይጥራል። በዚህ ዓይን ቢሆን ታክሲ ተራው ላይ መቀረጽ የነበረበት የልጅዎ መውደቅ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው ነው፦ የወያላው ጥሪ፣ የሚኒባሱ በር ሲላተም፣ ጥሩምባው፣ እኛ ሳናስተውል የምናልፈው ሁሉ ተደራርቦ እርሱ ላይ ሲያርፍ። ጩኸትን አለመቻል ቅብጠት ወይም የአስተዳደግ ጉድለት እንዳልሆነ ተመልካች ሊረዳ የሚችለው እንዲህ ሲያየው ነው።

ስለዚህ የታክሲ ተራው ምስል እንዲጠፋ ይጠይቁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል። ልጅዎ በቃል ባይናገርም ካሜራውን መግፋቱ ወይም ክፍሉን ጥሎ መውጣቱ መልስ ነውና፣ በዚያው ቅጽበት ቀረጻው እንዲቆም፣ ፊልሙም ከመታየቱ በፊት ሁለታችሁ አይታችሁ ያልወደዳችሁትን እንድታስወጡ በጽሑፍ ተዋዋሉ። ባለሙያው በዚህ ካልተስማማ ይሂድ። ከተስማማ ግን በቡና ሰዓት ይምጣና፣ ስኒው መሽከርከሩን እስኪጨርስ ድረስ ካሜራውን ከልጅዎ ጎን አድርጎ ይቀመጥ።