ሮቦቱን ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ለማስተርስ ጥናትሽ በአይጥ አንጎል አምሳል የተሠራ፣ ሮቦት ያለበትን ቦታ እንዲያውቅ የሚያደርግ የጉዞ ሞዴል እንዳለሽ ገልጸሽ፣ «ሲሙሌሽኑ (የኮምፒውተር ላይ ሙከራው) በሚገባ ሠርቷል፤ አሁን ሮቦት ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አትግዢ። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ ሰባት ወር አጥቻለሁ።

አንደኛ፣ በሲሙሌሽንሽ ውስጥ ጎማው ይንሸራተታል? የእኔ አይንሸራተትም ነበር። የአንጎል ተመራማሪው ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳወቃቸው የቦታ ሕዋሳት (እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ የሚነቁ የአንጎል ሕዋሳት) በየቦታቸው፣ የሞዘር ባልና ሚስት ቡድን በ2005 የገለጻቸው የፍርግርግ ሕዋሳት ደግሞ እንደ ማር እንጀራ በተደረደሩ ብዙ ቦታዎች ላይ በኮምፒውተሬ ሲበሩ ሳይ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ሮቦቱን ሊሾ ወለል ላይ አወረድሁት። የአቅጣጫ ስህተት 1 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ 10 ሜትር ሲኬድ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ያወጣል። ሞዴሉ እርምጃን በእርምጃ ላይ ሲደምር ስህተቱንም አብሮ ይደምራል። በአራተኛው ዙር ሮቦቱ በራሱ ካርታ ላይ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቆሞ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስህተቱን የሚያርመው ካሜራ ነው፤ ካሜራውን ግን በግዢ ክፍል በኩል አትጠብቂ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤ ብሄድ የአንዱ ማኅተም ደብዝዟል ተብሎ ተመለስሁ። ኃላፊው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «የአይጥ ጥናት ከሆነ ባዮሎጂ ሂድ» አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ስቸኩል የካሜራውን ተጽዕኖ ከልክ በላይ ከፍ አደረግሁት፤ አንድ ምስል ከተመሳሰለ ሮቦቱ ወዲያውኑ «እዚህ ነበርሁ» እንዲል። የሕንጻችን ምሥራቅና ምዕራብ ጫፎች ደግሞ በሩም፣ ቀለሙም፣ መስኮቱም አንድ ዓይነት ነው። ሮቦቱ ሁለቱን ጫፎች እንደ አንድ ቦታ ቆጥሮ ካርታውን አጠፈው። ሦስት ወር ሙሉ ስህተቱን በፍርግርግ ሕዋሳቱ ቀመር ውስጥ ስፈልግ ኖርሁ።

ተመራማሪዎቹ ሚልፎርድና ዋይት ግን ራትስላም በተባለው፣ እንደ አንቺው በአይጥ አንጎል አምሳል በሠሩት ሞዴላቸው አንድ ምስል ብቻውን እንዲወስን አልፈቀዱለትም፤ ተከታታይ ምስሎች ሲስማሙ ነው የቦታ ግምቱ የሚዛወረው። በዚህ ዘዴ በአውስትራሊያ፣ በብሪስቤን፣ በአንድ ካሜራ 66 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የአንድ ሰፈር ካርታ ሠርተዋል። እኔም ተጽዕኖውን ዝቅ ባደረግሁ ማግስት ሮቦቴ ሕንጻውን ዘጠኝ ጊዜ ዞሮ አንዴም ሳይሳሳት መነሻው ላይ ቆመ። ያን ቀን ምሳ መብላቴንም ረስቼ ነበር።

ሦስተኛውን ምክር አሁን ተይው። ዛሬ ማታ በጎማው ላይ መንሸራተት፣ በአቅጣጫው ላይ ስህተት ጨምሪና የሚወጣውን ካርታ እዚሁ ለጥፊው፤ አየዋለሁ።