ዱላ ቻዩ ማነው?

«ከከባድ ሚዛን ቦክሰኞች እውነተኛው ዱላ ቻይ ማነው? አሊ፣ ታይሰን ወይስ ፎርማን?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳየው ሳቄ መጣ። እዚህ ጅማ ቦክስ ስንለማመድ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል!

አራት ዓመት ያህል ጓንት አጥልቄያለሁ። ውጤቴ አይወራም። አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ነበር፣ ቀን ቀን እዚሁ ጅማ መርካቶ የቡና ጆንያ ይሸከማል። ክንዱ ግንድ ነው። የእሱን ቡጢ ግን እንደምንም እችለው ነበር። ሲመጣ ይታየኛላ! አገጬን ደረቴ ላይ ደፍቼ፣ ጥርሴን ነክሼ እጠብቀዋለሁ። የዘረረኝ ሌላ ነው። ከእኔ አሥር ኪሎ የሚያንስ ቀጭን ልጅ። በግራው ሲያታልለኝ ቀኙን አላየሁትም። አሰልጣኙ «ስምህ ማነው?» ሲለኝ የአባቴን ስም ነገርኩት።

ሰውን የሚጥለው ያላየው ቡጢ ነው። ጭንቅላት ድንገት ሲዞር አእምሮ ውስጥ ለውስጥ ይናጋል። አንገትህ ዝግጁ ከሆነ ንቅናቄው ይቀንሳል። ስለዚህ «አገጩ ብረት ነው» የሚባለው ነገር ግማሹ አገጭ አይደለም፤ ዓይንና አንገት ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። አለመውደቅ ብቻ ከሆነ መለኪያው፣ ከጠራሃቸው አንዱም አይደለም። ካናዳዊው ጆርጅ ቹቫሎ ነው። 93 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ወለል አልነካም። ጆ ፍሬዘርም ፎርማንም ዳኛ አስቁሞላቸው አሸነፉት እንጂ አልጣሉትም። አሊ በ1966 ቶሮንቶ ላይ 15 ዙር ሙሉ ደብድቦት በነጥብ ነው ያሸነፈው። ግን ቹቫሎ ብዙ ቡጢ የቻለው ብዙ ስለሚመታም ነው። መሸሽ የሚባል ነገር አያውቅም።

ወድቆ መነሳት ካልክ ላሪ ሆልምስን አትርሳ። በ1979 በቡጢው ክብደት የሚታወቀው ኧርኒ ሼቨርስ በሰባተኛው ዙር በቀኝ ሲያሳርፍበት እንደ ተቆረጠ ዛፍ ነው የወደቀው። በቃ አለቀ ስትል ተነሳ፤ በ11ኛው ዙር ጭራሽ እሱ አሸነፈ።

ታይሰን? አገጩ ደካማ አልነበረም። በ1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ እስኪጥለው ድረስ በፕሮፌሽናል ውድድር ወድቆ አያውቅም። ግን አንዴ ከወደቀ በኋላ ተነስቶ ያሸነፈበት ግጥሚያ የለም። ፎርማንም በዝረራ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፣ ኪንሻሳ፣ በአሊ። እሱን ከታይሰን አስቀድመዋለሁ።

የእኔ ምርጫ አሊ ነው፤ የሚጠበቅ መልስ ነው ብትሉኝም ግድ የለኝም። በ1971 በ15ኛው ዙር፣ ደክሞ ባለቀበት ሰዓት የፍሬዘርን ግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ) ቀምሶ ወደቀና ወዲያው ተነሳ። በ1973 ኬን ኖርተን መንጋጋውን ቢሰብረውም አሊ 12 ዙሩን ጨረሰ። የሼቨርስንም ቡጢ በ1977 15 ዙር ችሎ አሸንፏል። በ61 ግጥሚያ አንድም ጊዜ ወድቆ እስከ አሥር ተቆጥሮበት አልቀረም። በ1980 በሆልምስ ሲሸነፍም ያስቆሙት የራሱ ሰዎች ናቸው።

ይኼን ስጽፍ ግን ደስ አይለኝም። በ1984 ፓርኪንሰን እንዳለበት ታወቀ። ምክንያቱ ቡጢው ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ግን ያን ሁሉ ዱላ መቻሉ ጠቀመው ወይ? እኔ እንኳ ያቺ አንዲት ቡጢ ሳምንት ሙሉ ራሴን አሳምማኛለች። ልምምድ ላይ ከሆንክ፣ አንገትህን አጠንክር፤ ከተዘረርክ ደግሞ «ደህና ነኝ» ብለህ በማግስቱ ጓንት እንዳታጠልቅ።

ያ ቀጭን ልጅ አሁን አጂፕ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር ቆም ያደርግና «ስምህ ማነው?» ይለኛል።