«ተማሪ ቀንሷል» ማለት ወንበር አለ ማለት አይደለም

«የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ቀንሷል ይባላል፤ ታዲያ ለነርሲንግ የሚያስፈልጉኝን ኮርሶች ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ኦገስት ላይ ብመዘገብ ቦታ አገኛለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ እንግሊዝኛውን ታገኚ ይሆናል፣ ባዮሎጂውን ግን አትጠብቂ።

ቀነሰ የሚለው ወሬ ቆይቷል። የአሜሪካ የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ተማሪ ጣሪያ የነካው ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ፣ 2010 አካባቢ ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ሰው ወደ ትምህርት ይዞራል። ሥራው ሲመለስ ቁጥሩ ለአሥር ዓመት ያህል ቀስ እያለ ወረደ። ፎል (የመኸር ሴሜስተር) 2020 ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ 10 በመቶ ገደማ ወደቀ። ከ2023 ወዲህ እያገገመ ነው።

ቁጥሩ ውስጥ እነማን እንዳሉ ግን እዪ። ሃይስኩል ሳሉ የኮሌጅ ክሬዲት የሚወስዱት የዱዋል ኢንሮልመንት ልጆች በጣም በዝተዋል። ብዙዎቹ የሚማሩት እዚያው ሃይስኩላቸው ውስጥ ነው። በኮሌጁ ተማሪነት ይቆጠራሉ፣ የኖቫ አናንዴል ካምፓስ ላይ ግን ወንበር አይዙም። ስለዚህ ጠቅላላው ቁጥር ቢወጣም ቢወርድም ስላንቺ ክላስ የሚነግርሽ ነገር የለም።

ነርሲንግ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ክሊኒካል (ከታካሚ ጋር የሚደረገው ልምምድ) ላይ አንድ አስተማሪ ከ10 ተማሪ በላይ መያዝ አይፈቀድለትም። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ማስተርስ ሊኖራቸው ይገባል፤ በዚያው ማስተርስ ሆስፒታል የተሻለ ይከፍላቸዋል። አመልካች ቢጎርፍም ቦታው የማይሰፋው ለዚህ ነው። ወረፋው ወደ ታች ወርዶ ባዮ 141 (ከነርሲንግ በፊት የሚወሰደው የመጀመሪያው የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ኮርስ፤ ሁለተኛው 142 ነው) ላይ ይጠራቀማል፣ እዚያም የላብ ጠረጴዛው የተቆጠረ ነው። 141ን ያላለፈ 142ን አይወስድም፤ አንዱ ካመለጠ ሙሉ ሴሜስተር ተገፋ።

የፎል ምዝገባ ስፕሪንግ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የላብ ኮርሱን ያዢ፣ ሌላውን በዙሪያው አስተካክይ። ከሞላ ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ግቢ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተራሽ ደርሶም ሲስተሙ ዘሎሽ ሊያልፍ ይችላል። ሰዓቱ ከሌላ ክላስሽ ጋር ከተጋጨ፣ የዚያኑ ኮርስ ሌላ ሴክሽን (በሌላ ሰዓት የሚሰጠውን ክላስ) ከያዝሽ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ሌላ ሆልድ (የምዝገባ እገዳ) ካለብሽ፣ ወይም ከ18 ክሬዲት ካለፍሽ አያስገባሽም። ብዙ ኮሌጆች ያልከፈለውን ስለሚያስወጡ ከክፍያው ቀን ማግስት በጠዋት ገብተሽ እዪ፣ ወንበር የሚለቀቀው ያኔ ነው።

የፔል ግራንቱንም (የፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማ) አትርሺ። ከ2024–25 ጀምሮ የሚሰላው በያዝሽው ክሬዲት ልክ ነው። ዘጠኝ ክሬዲት ተመዝግበሽ ሌላ ሦስት ክሬዲት ዌይትሊስት ላይ ከሆነ የሚታሰብልሽ ዘጠኙ ብቻ ነው፣ ማለትም ከሙሉው 75 በመቶ።

ኦገስት ላይ የሚቀሩት ሴክሽኖች ሌላም ጣጣ አለባቸው። ተማሪ ያነሰበት ክላስ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ይሰረዛል፤ የሥራ ሽፍትሽን በእሱ ካስተካከልሽ ችግር ነው። የግድ ከዘገየሽ ዘግይተው የሚጀምሩትን የ12 ሳምንትና የሁለተኛውን 8 ሳምንት ሴክሽኖች ፈልጊ። አናቶሚን በ8 ሳምንት ግን፣ በተለይ ማታ ማታ የምትሠሪ ከሆነ፣ አልመክርሽም።